ጠረጴዛው ላይ የማልናገረው፦ ለልጃችሁ የትምህርት ቤት ድጋፍ ስትጠይቁ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ልጆች ስለሚያገኙት ልዩ የትምህርት ድጋፍ በሚነጋገሩ የትምህርት ቤት ስብሰባዎች ላይ በአማርኛ አስተረጉማለሁ። ሥራዬ የተባለውን ማድረስ ብቻ ነው። ምክር መስጠት አይፈቀድልኝም። አንዲት እናት ያልገባትን ወረቀት ልትፈርም እስክሪብቶ ስታነሳ እያየሁ እንኳ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም። እዚያ የማልለውን እዚህ ልበለው።

ከሁሉ በፊት፣ ልጃችሁ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ የሚለይ ግምገማ እንዲደረግለት በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙዎቻችን ልጁን ልንወስድ ስንሄድ አስተማሪዋን በር ላይ ይዘን ጭንቀታችንን እንነግራታለን። እሷም «አይዞሽ፣ እንከታተለዋለን» ትላለች፤ ከልቧ ነው። በሕግ ዓይን ግን ገና ምንም አልተጠየቀም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የቀን ቆጠራው የሚጀምረው በወረቀት ነው፦ እዚህ ሜሪላንድ ትምህርት ቤቱ ግምገማውን የጽሑፍ ጥያቄው በደረሰው በ90 ቀን፣ እናንተ ፈቃዳችሁን በፈረማችሁ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ መጨረስ አለበት። ሌላ ግዛት ያላችሁ የግዛታችሁን ቀን ጠይቁ።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ለርዕሰ መምህር። ልጄ የ1ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ልዩ የትምህርት ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ስለማምን ሙሉ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። የሚያሳስበኝ ንግግሩ፣ ከልጆች ጋር ያለው ግንኙነት እና ሲከፋው መረጋጋት አለመቻሉ ነው። በስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።»

ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። በኢሜይል ላኩት፤ ቅጂውን አትጣሉ። ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው የምትደውሉት ወደ ካውንቲው የሕፃናትና ታዳጊዎች ፕሮግራም ነው እንጂ ወደ ትምህርት ቤት አይደለም።

«እስቲ ትንሽ እንጠብቅ፣ እንግሊዝኛ እየለመደ ስለሆነ ነው» ልትባሉ ትችላላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን በአማርኛም የማያወራ፣ ቤትም ውስጥ የሚጨነቅ ልጅ ከሆነ ችግሩ እንግሊዝኛው አይደለም፤ ይህንን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግምገማ አናደርግም ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። በጽሑፍ ስጡኝ በሉ።

እስከዚያው አንድ ደብተር ያዙ። ይሄን አጥብቄ የምናገረው ጠረጴዛው ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ስላየሁ ነው። «ልጄ በጣም ይረበሻል» የሚለውን ስተረጉም ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ስብሰባውም ይቀጥላል። አንዲት እናት ግን ደብተሯን ገልጣ አነበበች፦ «ማክሰኞ። ሱቅ ውስጥ መጸዳጃ ቤት ገባን። የእጅ ማድረቂያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ወለሉ ላይ ተኛ። ለመነሣት ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ረቡዕ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አለቀሰ።» የሥነ ልቦና ባለሙያዋ እስክሪብቶ አነሣች። የትምህርት ቤቱም መጸዳጃ ያው ማሽን ነበረው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ነበር የሚውለው። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን፣ ምን እንዳረጋጋው ጻፉ። ደህና የዋለበትን ቀንም ጻፉ፤ ምን እንደሚረዳው የሚያሳየው እሱ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ በስብሰባው ላይ የሚታዩት ሰነዶች ከ5 የሥራ ቀን በፊት እንዲደርሷችሁ ሕጉ ያዛል። ካልደረሱ ጠይቁ። አስተርጓሚውን የሚያመጣው ትምህርት ቤቱ ነው፣ አትከፍሉም። ትልቋን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ስለ ወንድሟ የሚነገረውን መሸከም የለባትም። ሲፈጥኑባችሁ አስቁሟቸው። «አልገባኝም» ነውር አይደለም፤ በሉትና እኔ አደርሳለሁ። እኛ ለአክብሮት ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ እነሱ ደግሞ ተስማምታለች ብለው ይጽፋሉ።

አይኢፒ የሚባለው የልጁ የድጋፍ ዕቅድ ሲነበብ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፦ በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ ማን ይሰጠዋል፣ የት ክፍል? «የንግግር ሕክምና ያገኛል» ብቻውን ምንም አይደለም። ሁለተኛ፦ መሻሻሉ በምን ይታወቃል? «ስሜቱን መቆጣጠር ይማራል» የሚል ግብ ማንም ሊለካው አይችልም። «ሲበሳጭ የሥዕል ካርዱን አሳይቶ እረፍት ይጠይቃል፣ ከ5 ጊዜ 4ቱን» የሚለው ግን ይለካል።

አንዳንዱ ፊርማ መገኘታችሁን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሌላው ፈቃድ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ የመጀመሪያው አገልግሎት አይጀመርም፤ ወረቀቱን ቤት ወስዶ ማንበብም መብት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ልጁን ዲፕሎማ ወደማያስገኝ ትምህርት እናዛውረው ካሉና እናንተ ካልተስማማችሁ፣ አለመስማማታችሁን በጽሑፍ ስጡ። ሜሪላንድ ውስጥ 15 የሥራ ቀን ዝም ካላችሁ ሊተገብሩት ይችላሉ።

ወገኖቻችን መዝገብ ላይ ይሰፍርበታል ብለው ይፈራሉ። የተማሪ መዝገብ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው። አይኢፒ ያለው ልጅም ዲፕሎማውን ይዞ መመረቅ ይችላል። ወረቀት የሌላችሁም አትፍሩ፤ ከ1982ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ ከነፃ የመንግሥት ትምህርት አይከለከልም፣ ይህ ድጋፍም የዚያው አካል ነው። ጠበል መውሰድ የምትፈልጉ ውሰዱት፣ ደብዳቤውንም ላኩት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት ብትባሉም እኔ አልስማማም። ልጁ አያቱን ማናገር አለበት፣ እናንተም የምታባብሉት በምትችሉት ቋንቋ ነው።

ብቻችሁን አትግቡ። ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ የሚባል ድርጅት ወላጆችን በነፃ ይረዳል። በየግዛቱም ተመሳሳይ የወላጆች ማዕከል አለ።

የመጨረሻው በስሜት መረበሽ ምክንያት «መጥታችሁ ውሰዱት» እየተባሉ ለሚጠሩ ወላጆች ነው። ሥራ ጥላችሁ ትሮጣላችሁ፣ ቀኑም ሳይመዘገብ ያልፋል። እንዲህ በጊዜ ወደ ቤት መላክ እንደ እገዳ ሊቆጠር ስለሚችል ማን እንደደወለ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉና በዚያው ቀን ኢሜይል ላኩ፦ «ዛሬ ከጠዋቱ 5 ሰዓት (11:00 a.m.) እንድወስደው ተጠርቻለሁ፤ ይህ እገዳ ነው ወይ?» አይኢፒ ያለው ልጅ በዓመቱ ውስጥ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ሊታገድ ሲል፣ ጥፋቱ ድጋፍ ካስፈለገው ችግር የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ስብሰባ ሊጠራ ይችላል፤ እናንተም ጠይቁት። ከችግሩ የመጣ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ልጁን ምን እንደሚቀሰቅሰው አጥንቶ የባሕርይ ድጋፍ ዕቅድ ማውጣት ግዴታው ነው። እስከ 10 ቀን ግን አትጠብቁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠሩ ጥናቱን በጽሑፍ ጠይቁ።