ለንደን ሄዳችሁ ጥሩ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ ለመብላት

ለንደን ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ሁሉ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ፣ ማለትም በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጥብስ ጋር፣ ሳልበላ አልመለስም ይላል። ከዚያ ሲዞር ይውልና ሲርበው አጠገቡ ያገኘው ቤት ዘው ይላል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ቱሪስት የሚርመሰመስበት አደባባይ ጥግ፣ በሩ ላይ ባንዲራና የምግብ ፎቶ የተለጠፈበት ቤት ገባሁ። ካዘዝኩ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ መጣልኝ። ሊጡ ረጥቦ በሹካ ስነካው ከዓሣው ተላቀቀ፣ ከስር ያልበሰለ ነጭ ሊጥ ተለጥፎበታል፣ ቺፕሱም ቀዝቅዟል። ያ ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ ጥሩ ቤት ያስጠብቃል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ የበላ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ዓሣው ፊታችሁ ዘይት ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ እያቃጠላችሁ ትበላላችሁ። ለንደንም ያው ነው። ስትገቡ ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን መጥበሻ እዩ። ከላዩ የተጠበሰ ዓሣ ሞቆ የሚቆይበት የመስታወት ሣጥን አለ። እዚያ ውስጥ ዓሣ ተደርድሮ ሰልፍ ከሌለ ውጡ፣ ይሉኝታ አያስፈልግም። ሰልፍ ካለ ግን የተጠበሰው ሳይቆይ ስለሚያልቅ ጥሩ ምልክት ነው። አዲስ ጥበሱልኝ፣ እጠብቃለሁ ማለትም ይቻላል፣ ደህና ቤት ቅር አይለውም። በሩ ላይ ደግሞ ከ0 እስከ 5 የሚደርስ የንጽሕና ነጥብ የተጻፈበት ተለጣፊ ፈልጉ። እንግሊዝ ውስጥ መለጠፉ ግዴታ ስላልሆነ ካላያችሁት ስልካችሁ ላይ የቤቱን ስም አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ የዓሣው ዓይነት። ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው የሚያዘው ኮድ የሚባለውን ዓሣ ነው፣ ወደ ሰሜን እንግሊዝና ስኮትላንድ ስትወጡ ሃዶክ ይበዛል። ኮድ ሥጋው ነጭና ወፍራም ነው፣ ሃዶክ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ሜኑው ላይ ዓሣ ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ምን ዓሣ እንደሆነ ጠይቁ። ሮክ ሳልሞን የሚል ካያችሁ ደግሞ ሳልሞን እንዳይመስላችሁ፣ ትንሽ የሻርክ ዘር ነው።

አሁን ለእኛ ሰው ዋናው ነገር፣ የሚጠበስበት ቅባት። አንዳንድ የቆዩ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ጣዕሙን የሚወዱት በጣም ይወዱታል። ግን በጾም ዓሣ የምትበሉ ሰዎች፣ ዓሣ ስለሆነ ብቻ ችግር የለውም ብላችሁ እንዳታዙ፣ ቺፕሱም የሚጠበሰው በዚያው ሞራ ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ ሞራው ሐላል መሆኑን፣ ሊጡም በቢራ የተመታ አለመሆኑን ጠይቁ። በኦቾሎኒ ዘይት የሚጠብሱም ስላሉ አለርጂ ያለበት ይጠንቀቅ። ከዓሣም ለሚጾም ሰው፣ ስቶክ ኒውንግተንና ሃክኒ ያለው ሰተን ኤንድ ሰንስ የተባለው ቤት በዓሣ ፋንታ በሙዝ አበባ በመሥራቱ ይታወቃል።

የት እንሂድ ካላችሁ፣ ሆልበርን አካባቢ ቲዮባልድስ ሮድ ላይ ያለው ፍራየርስ ዲላይት በበሬ ሞራ ከሚጠብሱት አንዱ ነው። ሜሪልቦን ውስጥ ጎልደን ሃይንድ ከ1914 ጀምሮ አለ። ዋተርሉ ጣቢያ አጠገብ ያለው ማስተርስ ሱፐር ፊሽ የታክሲ ሾፌሮች ቤት ነው፣ እኔ ደግሞ ከተማውን ሲዞር የሚውል ሾፌር የሚበላበትን ቤት አምናለሁ። ምሥራቅ ለንደን፣ ስፒታልፊልድስ ያለው ፖፒስም ጥሩ ነው፣ ሰፈሩም ከምግቡ ታሪክ ጋር ይያያዛል። የተጠበሰ ዓሣን ወደ እንግሊዝ ያመጡት ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው ይባላል። ዓሣውን ከቺፕስ ጋር አንድ ላይ መሸጥ የጀመረው ደግሞ እዚያው ምሥራቅ ለንደን ውስጥ በ1860 ገደማ ጆሴፍ ማሊን የተባለ አይሁዳዊ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስደተኛ ያመጣው ምግብ የአገሩ መለያ ሆኖ መቅረቱ በጣም ደስ ይለኛል።

ዋጋው መሐል ከተማ ተቀምጣችሁ ከበላችሁ ከ15 ፓውንድ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ይዞ መሄድ ይረክሳል። ትልቁን ካዘዛችሁ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሲሰጧችሁ ጨውና አቼቶ ይጨመር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ይጨመር በሉ። የተለመደው አቼቶ ከገብስ ብቅል የሚሠራ ቡናማ ነው፣ የዘይቱን ክብደት ቆረጥ ያደርገዋል። ከጎን ማሺ ፒስ የሚሉት የላመ አረንጓዴ አተር አለ፣ የአተር ክክ አልጫ የሚወድ ሰው ይወደዋል። ሚጥሚጣ በቦርሳችሁ ከያዛችሁም መጀመሪያ ያለሱ ቅመሱት።

ጥሩው ዓሣ በሹካ ሲመታ ቅርፊቱ ቀጭ ይላል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ሥጋው በሰፋፊው ነጭ ሆኖ ይከፈላል። ቺፕሱ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ለስላሳ፣ እንደ በርገር ቤት ድንች እንዲንኮሻኮሽ አትጠብቁ።

ይዛችሁ ከወጣችሁ የካርቶኑን ክዳን አትዝጉት። እንፋሎቱ ቅርፊቱን አርጥቦ ያበላሸዋል። ለዘመዶቼ ልውሰድላቸው ብላችሁ ባቡር ውስጥ አንድ ሰዓት እንዳትዙሩበት፣ እነሱንም ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ቅርብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ በትኩሱ ብሉት።