ሪሞቱ አልሞተም፣ ፎከሱ ነው የጠፋው፦ የቲቪ አፕ ችግርና መፍትሄ

ቲቪ ፊት የተቀመጠ ሰው በእጁ ያለው ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ኦኬ እና ባክ ነው። ስክሪኑን በጣቱ አይነካም፣ ማውስም የለውም። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ደምቆ «አሁን ያለኸው እዚህ ነው» ሊለው ይገባል። ፎከስ የምንለው ይህንን ነው። «አፑ አይሰራም» ተብለው በእጄ ካለፉት የቲቪ አፖች የአብዛኞቹ ችግር እዚሁ ፎከስ ላይ ነበር።

የምጽፈው የቲቪ አፕ ለምትሰሩ ነው፤ ባትሪውን፣ ኢንተርኔቱንና የአፑን ቨርዥን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

«ሪሞቱ ሞተ» ይላሉ፤ ወይም ፎከሱ ሳይታሰብ ወደ ላይኛው ጥግ ይዘላል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

ተጠቃሚው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፖስተሮችን እያየ ነው። ድንገት ደምቆ የነበረው ፖስተር ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል። ቀኝ ይጫናል፣ ምንም የለም። ታች ይጫናል፣ አሁንም ምንም የለም። አንዲት ሴት በሙከራ ላይ ይህ ሲገጥማት አጠገቧ ነበርኩ። መጀመሪያ ሪሞቱን ወደ ቲቪው ጠጋ አደረገችው። ቀጥሎ መዳፏ ላይ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ክዳኑን ከፍታ ባትሪዎቹን በአውራ ጣቷ አሽከረከረቻቸው። ሪሞቱ ግን ጤነኛ ነበር። የተጫነችው ቁልፍ ሁሉ አፑ ጋ ደርሷል። አፑ ነው ከየት ተነስቶ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ የጠፋበት።

ምክንያቱ ፎከስ ይዞ የነበረው ነገር ከስክሪኑ መነሳቱ ነው። በዌብ በተሰራ አፕ ፎከስ የያዘ ኤለመንት (እንደ ካርድ ወይም በተን ያለ የገጹ ክፍል) ሲሰረዝ ፎከሱ ወደ ቦዲ፣ ማለትም ወደ ገጹ በጠቅላላ፣ ይመለሳል፤ ቦዲ ደግሞ ቀኝና ግራ አያውቅም። አንድሮይድ ላይ ሲስተሙ ፎከስ ሊቀበል የሚችል ሌላ ነገር ከላይ ጀምሮ ይፈልጋል፤ ወደ ላይኛው ጥግ የሚዘለው ለዚህ ነው። ምልክቱ ሁለት ይምሰል እንጂ በሽታው አንድ ነው።

ለማረጋገጥ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ፎከሱ የት እንዳለ ሎግ ላይ ይጻፍ። ዌብ ላይ ከሆናችሁ አክቲቭ ኤለመንትን (ፎከስ የያዘውን) ማተም ይበቃል። «ቦዲ» የሚል መስመር ስታዩ ቁሙና ከዚያ በፊት ስክሪኑ ላይ ምን እንደተቀየረ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

መጀመሪያ የምጠረጥረው የሊስት ሪፍሬሽን ነው። አንድ የፊልም አፕ ላይ «ካቆሙበት ይቀጥሉ» የሚል ረድፍ ነበር። ተጠቃሚው አራተኛውን ፊልም ከፍቶ ትንሽ አይቶ ይመለሳል። ሰርቨሩ ያንን ፊልም አሁን የታየ ስለሆነ ወደ መጀመሪያ ቦታ አምጥቶታል። አፑ ደግሞ ያስታወሰው «አራተኛ» የሚለውን ብቻ ነው። ፎከሱ አራተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ግን ሌላ ፊልም አለ። ተጠቃሚው ሳያይ ኦኬ ይጫናል፣ ያልፈለገው ፊልም ይጀምራል፣ እሱም በተራው ወደ መጀመሪያ ቦታ ይወጣል። እንዲህ እያለ ረድፉ በሙሉ ይበጠበጣል። ቅሬታው «ሌላ ፊልም እየከፈተብን ነው» የሚል ስለነበር ዴቨሎፐሮቹ ፕሌየሩን ሲያገላብጡ ከርመዋል። ፕሌየሩ ምንም አላደረገም።

ፎከስን በኢንዴክስ (በቦታው ቁጥር) ማስታወስ ሰውን በስሙ ትቶ በሰልፉ ተራ ቁጥር እንደ መጥራት ነው። መቀመጥ ያለበት የረድፉ መለያና የፊልሙ መለያ ነው። ሪአክት (የዌብ አፕ መስሪያ) ላይ የካርዱ መለያ «ኪ» ኢንዴክስ አይሁን፤ የፊልሙ አይዲ ይሁን። አንድሮይድ ሪሳይክለር ቪው (የሊስት ማሳያው) ላይ ሊስቱ በሙሉ ተቀይሯል የሚለውን «ኖቲፋይ ዳታ ሴት ቼንጅድ»ን ጠርቶ መገላገል ይቅር፤ አሮጌውንና አዲሱን ሊስት የሚያወዳድረው ዲፍ ዩቲል የተቀየረውን ብቻ ነጥሎ ይንካ፣ ስቴብል አይዲም (የማይቀየር መለያ) ይብራ። ፊልሙ ከነጭራሹ ከሊስቱ ከወጣ ፎከሱን እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ለመጣው ስጡት፤ የመጨረሻው ከነበረ ከእሱ በፊት ላለው፤ ረድፉ ባዶ ከቀረ ከላይ ላለው ረድፍ። ይህ ቅደም ተከተል ኮድ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጥ። «ሲስተሙ ያውቃል» አትበሉ፣ አያውቅም።

ሁለተኛው ራሱን የሚያጠፋ በተን ነው። ተጠቃሚው «ወደ ዝርዝሬ ጨምር» የሚለውን ይጫናል። በተኑ ሁለት ጊዜ እንዳይጫን ተብሎ ሰርቨሩ እስኪመልስ ዲሴብልድ (የማይጫን) ይደረጋል። ዲሴብልድ የሆነ በተን ፎከስ አይዝም፤ ሰውየው በገዛ እጁ የቆመበትን አፈረሰ ማለት ነው። ስልክ ላይ ይህ አሰራር ምንም አይልም፤ ቲቪ ላይ ግን መርዝ ነው። በተኑ ፎከሱን እንደያዘ ይቆይ፣ ላዩ ላይ የመጠበቂያ ምልክት ይዙር፣ በመሀል የሚመጣውን ኦኬ ደግሞ ኮዱ ችላ ይበለው።

ሦስተኛው የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ነው፤ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ዓይነት። ሲከፈት ፎከሱ የት እንደነበር ይመዝገብ፤ ሲዘጋ ወደዚያው ይመለስ። መስኮት በመስኮት ላይ የሚከፈት ከሆነ መዝገቡም ተደራራቢ ይሁን። ክፍት እያለ ደግሞ ፎከሱ ከመስኮቱ መውጣት የለበትም። ከኋላ ባለው ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ፎከስ አይታይም፣ ኦኬ ሲጫን ግን ይሰራል። ሰዎች ሳያውቁ ነገር የሚያጠፉት እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ ነው። ክፍያና ስረዛ ያለበት ስክሪን ላይ ይህንን ሳትፈትሹ አፕ አታውጡ።

አራተኛው ገና ያልመጣ ዳታ ነው። ስክሪኑ ተከፍቷል፣ ካርዶቹ ግን አልደረሱም፤ ስለዚህ ፎከሱ የሚያርፍበት የለም። እዚህ ላይ የማየው «መፍትሄ» ያበሳጨኛል፦ 300 ሚሊሰከንድ ጠብቅና ፎከስ ስጥ የሚል ሰት ታይምአውት (የሰዓት ቆጣሪ ትዕዛዝ)። ዴቨሎፐሩ ኮምፒውተር ላይ ይሰራል። ደካማ ፕሮሰሰር ያለው የቆየ ቲቪ ላይ ካርዶቹ ዘግይተው ይመጣሉ፣ ፎከሱ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ቡድን ቁጥሩን 300 ወደ 500፣ 500 ወደ 1000 እያሳደገ ሄዶ ነበር። ፈጣኑ ቲቪ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ሰውየው ሁለት ካርድ ወደ ቀኝ ከሄደ በኋላ ሰዓቱ ደርሶ ወደ መጀመሪያው ይጎትተዋል። ፎከስ በሰዓት አይሰጥም። ካርዱ መድረሱ ሲረጋገጥ ይሰጥ፤ እስከዚያ ባዶዎቹ የማቆያ ካርዶች ራሳቸው ፎከስ የሚይዙ ይሁኑ። ተጠቃሚው በዚህ መሀል ቁልፍ ከተጫነ አፑ በራሱ ፎከስ ማንቀሳቀሱን ይተው፤ ባለቤቱ ተጠቃሚው ነው።

ፎከሱ አለ፣ ግን አይታይም

አክቲቭ ኤለመንቱ ትክክል ነው፣ ኦኬም ይሰራል፤ ዓይን ግን አያገኘውም። የተለመደው ጥፋት ዲዛይነሩ «አያምርም» ብሎ አውትላይንን (ፎከስ ያለበትን የሚከበውን መስመር) ማጥፋቱና በምትኩ ምንም አለማስቀመጡ ነው። ሁለተኛው «የተመረጠ» እና «ፎከስ ያለበት» የሚባሉትን አንድ ማድረግ ነው። ሜኑው ላይ «ፊልሞች» ቀይ ነው፣ ምክንያቱም ያለነው ፊልሞች ገጽ ላይ ነው። ፎከሱም ቀይ ነው። ሁለት ቀይ ሲኖር የትኛው ነው እኔ ያለሁበት? የተመረጠው በሥሩ መስመር ይኑረው፤ ፎከስ ያለበት ተለቅ ይበል፣ ይክበብ፣ ይድመቅ።

ቀለም ብቻውን አይበቃም። ቲቪውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ ከሦስት ሜትር እዩት። ወዲያው ካላገኛችሁት ተጠቃሚውም አያገኘውም። ከበስተጀርባው ጋር ያለው ንፅፅር ቢያንስ 3 ለ 1 ይሁን።

ዌብ ላይ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «ፎከስ ቪዚብል» የሚባለው የሲኤስኤስ ሰሌክተር (የገጹ መልክ ሕግ የትኛው ኤለመንት ላይ እንደሚሰራ የሚለየው) የገባው ክሮሚየም 86 በተባለው የብራውዘር ሞተር ላይ ነው። ዌብኦኤስ 3 (የኤልጂ ቲቪ ሲስተም) ያላቸው ቲቪዎች የሚሰሩት በክሮሚየም 38፣ ዌብኦኤስ 5 ያላቸው ደግሞ በክሮሚየም 68 ነው። የማያውቁት ሰሌክተር ከተራው «ፎከስ» ጋር በኮማ ተያይዞ ከተጻፈ ሕጉን በሙሉ ይጥሉታል፤ የሚሰራውም ግማሽ አብሮ ይሄዳል። ለየብቻ ጻፏቸው።

ካርዱ ሲተልቅ ጠርዙ ተቆርጦ ከታየ ደግሞ ያቀፈው ሳጥን ላይ ከሳጥኑ የወጣውን የሚቆርጠው ኦቨርፍሎው ሂድን፣ አንድሮይድ ላይ ክሊፕ ቺልድረን በርቶ ነው።

ቀኝ ሲጫኑ ወደ ታች ይሄዳል፤ አንዳንዱ በተን ጋ ጭራሽ አይደረስም

ሲስተሙ ቀጣዩን የሚመርጠው በቦታና በርቀት ነው። በዲዛይን ላይ ግልጽ የሚመስለው ለእሱ ግልጽ አይደለም። ስክሪኑን ያህል ሰፊ የሆነ ባነር ከላይ፣ ጠባብ በተን ከታች በቀኝ ጥግ ካደረጋችሁ «ታች» ሲጫን የት እንደሚያርፍ በዕድል ነው። ብቻውን ጥግ ላይ የተሰቀለ «ፈልግ» የሚል ምልክትም እንዲሁ ነው፤ በላይም በቀኝም አይገኝም፣ ሰያፍ የሚሄድ ቁልፍ ደግሞ ሪሞት ላይ የለም።

መጀመሪያ ዲዛይኑን አስተካክሉ፤ ነገሮች በረድፍና በዓምድ ይሰለፉ። ካልተቻለ መንገዱን በእጅ ጻፉ። አንድሮይድ ላይ «ኔክስት ፎከስ ራይት» እና እህቶቹ አሉ። አፕል ቲቪ ላይ በባዶው ቦታ ዩአይ ፎከስ ጋይድ (የማይታይ መሪ) ይቀመጥና ፎከሱን ወደሚፈለገው ይመራል። ረድፎች ደግሞ ፎከስ መጨረሻ የነበረበትን ካርድ ያስታውሱ። ሰባተኛው ካርድ ላይ የነበረ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ ከአንድ መጀመር የለበትም።

ቁልፉን ይዘው ሲያቆዩ ይንተባተባል፤ ከለቀቁት በኋላም መሄዱን ይቀጥላል

የቁልፍ ምቶቹ ከአኒሜሽኑ ፈጥነው እየመጡ ወረፋ ይይዛሉ። ቁልፉ ተይዞ እያለ አኒሜሽኑን አሳጥሩት ወይም ዝለሉት፤ ዌብ ላይ ቁልፉ ተይዞ መቆየቱን «ሪፒት» የሚለው ምልክት ይነግራችኋል። ስፋትና ቁመትን አኒሜት አታድርጉ፤ ትራንስፎርምና ኦፓሲቲ (ማንቀሳቀስ፣ ማተለቅና ማደብዘዝ) ይበቃሉ። ብለርና ትልልቅ ጥላዎች ከካርድ ላይ ይውጡ። የማይታዩ ካርዶችም ስክሪን ላይ አይሳሉ። ግን አንድ ነገር፦ ወረፋውን ለማቃለል ብላችሁ አንድ በአንድ የተጫነን ቁልፍ አትጣሉ። ሦስት ጊዜ የተጫነ ሰው ሦስት ካርድ መሄድ አለበት።

ባክ ሲጫኑ አፑ በሙሉ ይዘጋል፤ ወይም ባክ አይሰራም

የማይሰራ ከሆነ የቁልፉን ኮድ (ቁጥር) እዩ። ባክ ታይዘን (የሳምሰንግ ቲቪ ሲስተም) ላይ 10009፣ ዌብኦኤስ ላይ 461፣ አንድሮይድ ላይ 4 ነው። ለአንዱ የተጻፈ አፕ ሌላው ላይ ሲጫን ባክ ዝም ይላል።

የሚዘጋ ከሆነ የንብርብር ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ ላይ የተከፈተው መስኮት ይዘጋ፣ ከዚያ ፕሌየሩ፣ ከዚያ የፊልሙ ገጽ፣ ከዚያ ወደ ዋናው። ዋናው ላይ ሲደርስ ተጠቃሚው እንዲወጣ ይፈቀድለት፤ «መውጣት ይፈልጋሉ?» እያሉ በዙር ማሰር ይቅር። ስክሪን ላይ የባክ በተን አትሳሉ፤ ሪሞቱ ላይ አለ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለው ጽሑፍ ይቆረጣል፦ ከየጎኑ 5 በመቶ ይተው፤ 1920 በ1080 ላይ ከግራና ቀኝ 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክሰል። አፕል ቲቪ ላይ ከጎን 80፣ ከላይና ከታች 60 ፖይንት።

አፑ አንድሮይድ ቲቪ ላይ ከፕሌይ ስቶር አይገኝም፦ ማኒፌስቱ (አፑ ምን እንደሚፈልግ የሚገልጸው ፋይል) ላይ ተችስክሪን ግዴታ እንዳልሆነ አልተጻፈም።

ታይዘን ላይ ባለቀለሞቹ ቁልፎች አይሰሩም፦ አልተመዘገቡም፤ ቀስቶቹ፣ ኦኬና ባክ ብቻ ናቸው ያለ ምዝገባ የሚመጡት።

በአየር ላይ የሚጠቁም ሪሞት ሲኖር ሁለት ካርድ አብሮ ይደምቃል፦ ሆቨር (የጠቋሚው ካርድ ላይ ማረፍ) ሲመጣ ፎከሱም አብሮት ይሂድ።

ሰዎች ፓስወርድ ማስገቢያው ላይ ተስፋ ቆርጠው ይወጣሉ፦ ፊደል በፊደል ማስለቀሙን ትታችሁ ቲቪው ላይ አጭር ኮድ አሳዩና በስልካቸው ያስገቡት። አሰራሩ አርኤፍሲ 8628 በተባለው የኢንተርኔት ስታንዳርድ ላይ ተጽፏል።

ከጠገናችሁ በኋላ

ማውሱን ንቀሉት። ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሰራ አስመሳይ ቲቪ) ላይ በማውስ የተሞከረ አፕ አልተሞከረም። አንድሮይድ ላይ በኤዲቢ (ከኮምፒውተር ቲቪውን ማዘዣ) ቁልፎችን በቁጥር መላክ ይቻላል፦ 19 ላይ፣ 20 ታች፣ 21 ግራ፣ 22 ቀኝ፣ 23 ኦኬ። እነዚህን በዘፈቀደ የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት ጽፋችሁ ሌሊቱን ተዉት፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ፎከስ የያዘ ነገር መኖሩን ይፈትሽ፣ ካጣ የመጨረሻዎቹን ምቶችና የስክሪኑን ፎቶ ያስቀምጥ። ይህንን ያላችሁ ርካሽና የቆየው ቲቪ ላይ አድርጉት፤ አዲሱ ላይ ብዙው ብልሽት ይደበቃል። ኢንተርኔቱንም ሆን ብላችሁ አዘግዩት፤ ገና ያልመጣ ዳታ ያልነው አራተኛው ችግር ብቅ የሚለው ያኔ ነው።