ቸኮሌት ኩኪስ ሳይደርቅ እንዲወጣ

በካካዎ ዱቄትና በተከታተፈ ቸኮሌት የሚዘጋጅ ኩኪስ ዳሩ ጠንከር፣ መሃሉ ግን ለስለስ ብሎ የሚታኘክ እንዲሆን ከፈለጉ፣ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ነገር ከኦቨን የሚወጣበት ጊዜ ነው። ሊጡ ከመጀመሪያውም ጥቁር ቡናማ ስለሆነ እንደ ሌላው ብስኩት ቀለሙን አይቶ መብሰሉን ማወቅ ያስቸግራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ኦቨን ውስጥ ከገባ 9 ደቂቃ ገደማ ሲሞላው ጀምሮ መከታተል፣ ዳር ዳሩ ጸንቶ መሃሉ ገና ያልበሰለ መስሎ ሲታይም ሳያመነቱ ማውጣት ያስፈልጋል። ጥሬ ነው ብሎ መልሶ ማስገባት ብዙዎቻችን የምንሠራው ስሕተት ነው። ትሪው ትኩስ በመሆኑ፣ ኩኪሱ በላዩ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ሲቆይ በቀረው ሙቀት መብሰሉን ይጨርሳል።

የካካዎ ዱቄት እርጥበትን አጥብቆ ስለሚመጥ፣ በስንዴ ዱቄቱ ላይ እንዲሁ ከመደረብ ይልቅ የዚያኑ ያህል ስንዴ መቀነስ ይገባል። ቡናማ ስኳር ከነጩ በዛ ቢል ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው ሞላሰስ የሚባለው ጥቁርና ወፍራም የስኳር ፈሳሽ እርጥበትን ይዞ ያቆያልና። ከአንድ ሙሉ እንቁላል ጋር አንድ ተጨማሪ አስኳል መጨመር ልስላሴውን ያጎላዋል፤ ነጩ ክፍል ሲበዛ ግን ኩኪሱ ወደ ኬክነት ያደላል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ሊጡን ብዙ አለማሸት፣ ከዚያም ቅቤው ጠንክሮ ኩኪሱ ትሪው ላይ ከመጠን በላይ እንዳይንጣለል ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይበጃል።