ጢስ ዓባይ በተማሪ ኪስ

ባሕር ዳር የምትማሩ ከሆነ ጢስ ዓባይን ለማየት አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩና ጠዋት በጊዜ ከመናኸሪያ የሕዝብ መኪና ያዙ፤ ኮንትራት ከገባችሁ ብሩ እዚያው አለቀ። የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትወርዱ።

ወሩ ግን ወሳኝ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ውሃው ሞልቶ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ በበጋ አብዛኛው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ቋጥኝ አይታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ትኬት ስትቆርጡ መታወቂያ አሳዩ፣ የተማሪ ቅናሽ መጠየቅ ነውር የለውም። ምሳ? አዋጡና ዳቦና ሙዝ ያዙ፣ ፍርፍር የሚቋጥር ጓደኛ ካለ ደግሞ እሰየው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግራችሁ በእግር ነው የምትሄዱት፤ ጭቃ ስላለ ነጠላ ጫማ አይሆንም።