«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ እጽፋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ላፕቶፑን ልዘጋ ስል እጄ «አፕዴት ኤንድ ሻት ዳውን» የሚለው፣ ማሻሻያ ጭኖ የሚዘጋው፣ ላይ አረፈ። ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ገመዱ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። ማሻሻያው 38 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ማንንም አልወቅስም፤ ባትሪውን «በሚቀጥለው ወር» እያልኩ ያቆየሁት እኔው ነኝ።

ጠዋት ስከፍተው የዊንዶውስ አርማ ይመጣል፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ውስጡ የአንዲት እናት የይግባኝ ማመልከቻ አለ፤ ጊዜያቸው የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። እማማ በሩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። ኮምፒውተር የሚጠግነው የጎረቤት ልጅ መጣ፣ አንዴ አየው፣ «እትዬ፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ለሱ ፎርማት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ፋይል ማውጣት ግን ግማሽ ቀኑን ይበላበታል። እናንተ ግን ቶሎ እሺ እንዳትሉ።

መጀመሪያ፣ ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ለውጦቹን እየመለሰ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከወጣ፣ ወይም የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሥራ ላይ ነው። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉለትና ምሳችሁን ብሉ። ከዚያ ወዲያ እንደ እኔው ላፕቶፕ እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ ወደ ጥገናው ገጽ እንግባ።

አርማው ብቅ ሲል ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉት። ይህንን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። በሚቀጥለው መነሣት ዊንዶውስ ራሱ ችግር እንዳለ ይገባውና ሰማያዊውን የጥገና ገጽ ያመጣል። እዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሉ። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል፤ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ በስልክ ገብታችሁ ፈልጉት።

አሁን እጃችሁ «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚለው፣ ዊንዶውስ ራሱን የሚጠግንበት፣ ላይ ሊሄድ ነው። ተዉት። ቅድሚያ ለፋይሉ። ይህችን ዘዴ ያሳየኝ ያው ልጅ ነው፣ «ግማሽ ቀን ይፍጅ፣ እከፍልሃለሁ» ስለው። ባዶ ፍላሽ ሰኩ፣ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ክፈቱ፣ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ስጡት። ጥቁሩ መስኮት ላይ ኖትፓድ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። ያ የምናውቀው ተራ መጻፊያ ይከፈታል። «ፋይል» ከዚያ «ኦፕን» ስትሉ የሚመጣው ሳጥን እንደ ፋይል መክፈቻ ያገለግላል። ከታች «ኦል ፋይልስ» የሚለውን ካልመረጣችሁ ግን የቴክስት ፋይል ብቻ ስለሚያሳይ ሰነዶቼ ጠፉ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። እኔ ደንግጫለሁ። ሌላው የሚያደናግረው የዲስኮቹ ፊደል ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ «ሲ» የነበረው «ዲ» ወይም «ኢ» ሊሆን ስለሚችል እየከፈታችሁ «ዩዘርስ» የሚል ፎልደር ያለበትን ፈልጉ። በስማችሁ ያለውን ፎልደር ግቡና «ዴስክቶፕ»ንና «ዶክመንትስ»ን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ኮፒ አድርጋችሁ ፍላሹ ላይ ፔስት በሉ። ሲገለብጥ ምን ያህል እንደቀረው አያሳይም፣ ደርቆ የቀረ ይመስላል። አትንኩት። የኔው 20 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆየ፤ ፍላሹን ሱቅ ያለው ሌላው ኮምፒውተር፣ ዴስክቶፑ፣ ላይ ስሰካው ሁሉም አለ። የእማማን ማመልከቻ 7 ሰዓት ተኩል ላይ አተምኩላቸውና ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ።

ይህ እምቢ ካለ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ በሌላ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ሳትጭኑት ከፍላሹ ብቻ አስነሡትና ፋይላችሁን ከዚያ ቅዱ። ዴልና ሌኖቮ ሲነሡ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9 ስትነኩ ከየት ልነሣ ይላችኋል።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ልባችሁ ያርፋል፣ እጃችሁም አይንቀጠቀጥም። እዚያው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ማሻሻያ የሚያስወግደው «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ግቡ። ሁለት ምርጫ አለ፦ «ኳሊቲ» የሚለው በየወሩ የሚመጣው ትንሹ ነው፣ «ፊቸር» የሚለው ትልቁ ነው። ትልቁን መመለስ የሚቻለው ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ አሮጌው ቅጂ ይሰረዛል። የኔው የወሩ ስለነበር እሱን አስወገድኩና ተነሣ። ካልተነሣ ያኔ ስታርትአፕ ሪፔር፣ ቀጥሎ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው «ሲስተም ሪስቶር»።

እኔ በዚህ አበቃ ብዬ ነበር። በሳምንቱ እንደገና ማሻሻያው መጣ፣ እንደገና ወደቀ፣ ያውም መብራት ሳይሄድ። ልጁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሲከፍት የሃርድ ዲስኩ ጤና ቢጫ ሆኖ ታየ። የሚያነብባቸው ቦታዎች መበላሸት ጀምረዋል። ያኔ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ልጁ አዲስ ዊንዶውስ በሚሞት ዲስክ ላይ ጭኖ ገንዘቤን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ማሻሻያ ደጋግሞ ከወደቀባችሁ የዲስኩን ጤናና ባዶ ቦታውን እዩ፤ 20 ጊጋባይት ያህል ነፃ ቢኖር ጥሩ ነው።

ላፕቶፔ ዴል ላቲቱድ ኢ 5470 ነው፣ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ፣ አስገባን፤ ራሙን (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግን። ራም ስትገዙ ዓይነቱን አረጋግጡ፤ ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም፣ ነጋዴው «ይሠራል» ቢላችሁም። ሁለቱም ሥራ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ሊከፈት ሦስት ደቂቃ የሚፈጅበት ላፕቶፕ አሁን ቡና ሳይቀዳ ይነሣል። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ብር የምታወጡበት አንድ ነገር ብቻ ቢኖር ኤስኤስዲው ይሁን።

ዊንዶውስ ስትጭኑ ማስጫኛውን 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዱት። ብዙ ጊጋባይት ስለሚበላ በስልክ ፓኬጅ አትሞክሩት። ሕጋዊ ዊንዶውስ የነበረበት ላፕቶፕ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚታወቅ ዲስክና ራም ብትቀይሩም ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይነቃል።

«ለምን ወደ ዊንዶውስ 11 አላሳደግሽውም?» የሚለኝ አለ። የፕሮሰሰሩን ስም እዩት። የኔው አይ 5 6300 ዩ ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ 6 ስለሆነ 6ኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ። በጎን በር የሚያስገቡ አሉ፣ ግን የሰው ክስ በያዘ ማሽን ላይ አልሞክረውም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ለተራ ተጠቃሚ የተሰጠ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ምዝገባ ስለነበረ ላፕቶፑን እሱ ላይ አስገብቼ፣ ዴስክቶፑን ሊኑክስ ሚንት አደረግኩት። ዴስክቶፑ ላይ የሚሠራው ስካንና ኢሜል ብቻ ነው፣ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ተቃጥያለሁ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ከጫንኩ በኋላ የ2000 እና የ2001 ዓ.ም ማመልከቻዎችን ስከፍት በአማርኛ ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደርድሯል። ሰነዶቹ አልተበላሹም፤ ዩኒኮድ፣ የዛሬው የጋራ የፊደላት ኮድ፣ ከመለመዱ በፊት በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፉ ስለሆኑ የድሮዎቹ ፎንቶች ካልተጫኑ አይነበቡም። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንትም ቢሆን በዊንዶውስ 10 ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ ካለው የኢትዮጵያ ፊደል ጥቅል ካልተጨመረ አይኖርም። የፓወር ግዕዙን ማስጫኛ ከአንድ የድሮ ሲዲ ላይ ለማግኘት መርካቶ ድረስ ሄጃለሁ። አሁን እሱም ፎንቶቹም የፋይል መጠባበቂያው ባለበት ፍላሽ ላይ ናቸው፤ ፍላሹ ደግሞ ቤት ነው ያለው፣ ሱቅ አይደለም።