የድሮ መዝሙር በሃርድ ሮክ? ደስ ይለኛል፣ ግን እነዚህን ተዉ

የወጣት ባንዶች ሳውንድ ላይ እሠራለሁ። ልጆቹ "ድንቅ ጸጋ"ን ወይም የማርቲን ሉተርን "ጽኑ ምሽግ" ይመርጣሉ፣ አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ይከፍቱታል፣ ከዚያ መዝሙሩን ፈልጎ ማግኘት የኔ ሥራ ይሆናል። ሮክ መሆኑ አይደለም ጥፋቱ። አሜሪካኖቹ የክርስቲያን ሮክ ባንድ ስትራይፐሮች እ.ኤ.አ. በ1985 "ግሎሪ ግሎሪ ሃሌሉያ" የሚለውን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን መዝሙር በከባድ ጊታር አስቀርጸውታል፤ ዜማው አልጠፋም። እኛ ጋ የሚጠፋው ለምንድነው?

አንደኛው ምክንያት መጽሐፉ ላይ ያለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ሁሉ ጊታር ላይ መጫን ነው። የመዝሙር መጽሐፍ የሚጻፈው ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴነርና ለቤዝ ነው። ኮርዱ በየምቱ ይቀያየራል። ለኦርጋን ያምራል፣ በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያሻክረው) ሲያልፍ ግን ዝብርቅርቁ ይወጣል። ዲስቶርሽን ሁለት ኖታ ሲገባበት ሁለቱን ብቻ አያወጣም፤ ከንዝረታቸው ልዩነት ሌላ ኖታ ይወልዳል። ኤ እና ኢ ከሆኑ የሚወለደው አንድ ኦክታቭ የወረደ ኤ ነው። ፓወር ኮርድ፣ ማለትም እንደዚህ ያለው ባለ ሁለት ኖታ ኮርድ፣ እንዲያ የሚያገሳው ለዚህ ነው። ኤ ማይነር ብላችሁ ኤ እና ሲን አንድ ላይ ስትመቱ ግን ከታች ማንም ያልጠራው ኤፍ ብቅ ይላል። "ጊታሩ ተበላሽቷል እንዴ?" ያለኝ ልጅ አለ። አልተበላሸም፣ ማይነር ኮርድ ነው የመታኸው። መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱ ጊታር ፓወር ኮርድ ብቻ ይያዝ፣ በአንድ መስመር ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ይቀይር። የመጽሐፉን የቤዝ መስመር ቤዝ ጊታሩ ይውሰደው፤ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ለቤዝ አሪፍ መስመር ነው የጻፉት። ሜጀርም ሆነ ማይነር መሆኑን ዘማሪዎቹና ኪቦርዱ ይናገሩ።

ድራመሮች፣ ተራው የናንተ ነው። "ድንቅ ጸጋ" ባለ ሦስት ምት ነው። በግድ ባለ አራት ስታደርጉት በየመስመሩ ትርፍ ምት ይቀራል፣ ሕዝቡም መቼ እንደሚገባ ግራ ይገባዋል። ክብደት ከፈለጋችሁ ሁለቱን ባር (ሦስት ሦስት ምቱን) እንደ አንድ ስድስት ቁጠሩና ስኔሩን፣ ያንን ጠንከር ብሎ የሚጮኸውን ከበሮ፣ አራተኛው ላይ ጣሉት። ሌላው ደግሞ የዜማው የመጀመሪያ ኖታ መነሻ ብቻ ነው፤ ዋናው ምት የሚመጣው ከሱ ቀጥሎ ነው። ክራሹን (ትልቁን ሲምባል) መነሻው ላይ የሚመታ ድራመር ገና ሳይጀመር ይታወቀኛል።

ሶሎ ላይ ብሉዝ ስኬል አታፍስሱበት። የ"ድንቅ ጸጋ" ዜማ አምስት ኖታ ብቻ ነው ያለው፣ ትዝታ ሜጀር ላይ ቁጭ ይላል። ከኛ በላይ ማን ሊጫወተው ነው?

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ስንኝ መቁረጥ፣ ማለትም ብዙ መስመር ያለውን አንድ ሙሉ የመዝሙሩን ክፍል መዝለል። "ሰዓት የለንም፣ የመጀመሪያውን እንዝፈንና ሶሎ እንግባ።" እሺ፣ "ጽኑ ምሽግ"ን እንይ። ሉተር ከመዝሙር 46 ተነስቶ የጻፈው ነው፣ አራት ስንኝ አለው። የመጀመሪያው ስንኝ በእግዚአብሔር ይጀምርና በጠላት ያልቃል። የመጨረሻው መስመር ስለ ሰይጣን ሲናገር፣ በምድር ላይ እሱን የሚተካከል የለም ይላል። እዚያ ላይ ነው የምታቆሙት! ከዚያ ድራሙ ይፈነዳል፣ ጊታሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ሕዝቡ እጁን ያነሳል። ለማን ነው የምናጨበጭበው? ክርስቶስ በስሙ የሚጠራው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው። ጠላት በአንዲት ቃል የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። የግድ መቁረጥ ካለባችሁ ሶሎውን ቁረጡ። ይህን ለአንድ ጊታሪስት ስነግረው "ሰው ቃሉን አይሰማም እኮ" አለኝ። ካልሰማ ቮካሉን ከፍ፣ ጊታሩን ዝቅ እናድርጋ! የተዘመረው ቃል ካልተሰማ መዝሙር መምረጥ ለምን አስፈለገ፣ ሪፉን (የሚደጋገመውን የጊታር ሐረግ) ብቻ ተጫወቱ።

እዚሁ መዝሙር ላይ እያለን፣ በሉተር ዘመን የታተመው ምት ዛሬ ብዙ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ረጋ ያለና እኩል አልነበረም። ረጅምና አጭር ኖታ እየተጋጨ ይዘላል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባክ ያቀናበረው በኋላ የተስተካከለውን ነው። የድሮውን ምት የያዙ የሉተራን መዝሙር መጻሕፍት አሉ። እሱን ፈልጉና ሪፋችሁን ከዚያ አውጡ፤ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል።

ኪይ (መዝሙሩ የሚዘመርበትን የድምፅ ከፍታ) ስትመርጡ የጊታሩን ዝቅተኛዋን ክር ብቻ አትዩ። የ"ጽኑ ምሽግ" ዜማ የሚጀምረው ከጣሪያው ነው። በኢ ከጀመራችሁ እናቶች የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ዝም ይላሉ። ጊታሩን አንድ ቶን አውርዱና በኢ ቅርፅ ተጫወቱ፣ ድምፁ ዲ ይሆናል። ክብደቱም ይጨምራል።

ሽማግሌዎች ስለ ሮኩ ሲቆጧችሁ "ሉተርም ዜማውን ከመጠጥ ቤት ነው የወሰደው" አትበሉ። ለዚያ ማስረጃ የለም። ዓለማዊ ዜማ የተዋሰበት የገና መዝሙር አለ፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ1539 በሌላ ዜማ ተክቶታል። ይህ ደግሞ ለነሱ ነው የሚያግዘው።

የመጨረሻው፣ "የድሮ ስለሆነ ነፃ ነው" ብሎ ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ። ጆን ኒውተን የጻፈው የ"ድንቅ ጸጋ" ግጥም እ.ኤ.አ. በ1779 የታተመ ስለሆነ ነፃ ነው። አሜሪካዊው ዘማሪ ክሪስ ቶምሊን እ.ኤ.አ. በ2006 የጨመረበት አዝማች ግን ነፃ አይደለም፣ ብዙ ልጆች የሚዘፍኑትም እሱን ነው። "እንዴት ታላቅ ነህ" ደግሞ መነሻው እ.ኤ.አ. የ1885 የስዊድን ግጥም ነው። ስቱዋርት ሃይን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው የእንግሊዝኛ ቃል ግን ባለቤት አለው። የአማርኛ ትርጉምም እንደዚያው፤ በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተርጓሚው መብት አለው። ስለዚህ ቀረጻ ከመግባታችሁ በፊት የምትዘምሩትን ቃል ማን እንደተረጎመው አጣሩ፣ በሕይወት ካለ ደውሉና አስፈቅዱት።