እስክስታን ስቱዲዮ ውስጥ ለምታነሱ ተማሪዎች

ለመመረቂያ ሥራችሁ ተወዛዋዦችን ስቱዲዮ ውስጥ ፎቶ ልታነሱ ካሰባችሁ ይቺን ያዙልኝ። መጀመሪያ ዘፈኑን ክፈቱና ካሜራ ሳትነኩ አንድ ዙር እዩ። እስክስታ ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው መቼ እንደሚመታ ካላወቃችሁ ሁሌም ትዘገያላችሁ። ነጭ ቀሚስ ነጭ ግድግዳ ላይ ይጠፋል፣ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ። እንቅስቃሴውን ለማስቆም በፍላሽ፣ ካልሆነም በ1/500 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት አንሱ። ጥቂቱን ግን በ1/15 ሞክሩት። የነጠላው ጥለት እንደ ጭስ ሲሳብ፣ እኔ እሱን ነው በጣም የምወደው።

የፎቶ ምርጫ ላይ ጨክኑ። በትንሽ መጠን አሳትማችሁ ወለል ላይ ዘርጉ፣ የሚመሳሰሉትን አስወጡ። ለኤግዚቢሽኑ ስትሰቅሉ የፎቶው መሀል ከወለሉ 150 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን። የተወዛዋዦቹን ስም አስፈቅዳችሁ ከሥሩ ጻፉ፣ መክፈቻውም ላይ ጋብዟቸው።